ናቹራል፣ ሶሻል ወይስ ዳንስ? ከድሬ ሠርግ እስከ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ

ሰላም፣ ሰላም! እንዴት ናችሁ? ከድሬዳዋ ነኝ፣ ከዚራ። ዛሬ በጠዋት ነው የምቀርጸው። ምክንያቱን የድሬ ሰው ያውቀዋል፤ ረፋዱ ካለፈ ስልኬም ይግላል፣ እኔም እግላለሁ። የባጃጅ ድምፅ ከገባባችሁ ይቅርታ።

የዛሬው ጉዳይ ከአንዲት ልጅ ጥያቄ የመጣ ነው። የዚሁ የድሬ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ናት። አስራ ሁለተኛ ክፍል፣ ናቹራል። ባዮሎጂ ትወዳለች። ዳንስ ደግሞ ከባዮሎጂም አብልጣ ትወዳለች። ምን ብላ ጻፈችልኝ? «አሜሪካ ዳንስና ባዮሎጂ አብሮ መማር የሚቻልበት ኮሌጅ አለ ይላሉ። እውነት ነው ወይስ እያሾፉብኝ ነው?»

እውነት ነው እህቴ። ማንም አላሾፈብሽም። ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ይባላል።

ወደሱ ከመግባቴ በፊት ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፣ እሱን ልናገር። እኛ አገር አስራ አንደኛ ክፍል ስንገባ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ናቹራል ወይስ ሶሻል? ዕድሜያችን አስራ ስድስት፣ አስራ ሰባት ነው። ናቹራል ወይስ ሶሻል? እኔ ቅጹን የምሞላ ቀን ሂሳብም ታሪክም እወዳለሁ፣ ምን ላድርግ ብዬ አስተማሪውን ጠየቅኩት። «አንዱን ምረጪ፣ ሰልፉን አታስቁሚ» አለኝ። ሰልፉን አላስቆምኩም። ናቹራል ብዬ ሞላሁ፤ ከታሪክ ጋር በዚያው ተለያየን። ዳንስማ ቅጹ ላይም አልነበረም።

ይህ ቪዲዮ እዚያ ሰልፍ ላይ ለቆማችሁ ሁሉ ነው።

እሺ። አሁን ወደምወደው ምሳሌ። ኮሌጁን ትንሽ እናቆየውና የድሬ ሠርግ ላይ እንግባ።

ድንኳኑ ተተክሏል። መንገዱ ተዘግቷል። ኦርጋን ተጫዋቹ ገመዱን እያያያዘ ነው። መጀመሪያ የአማርኛ ዘፈን ይመጣል። እትዬዎቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ይነሳሉ። እስክስታ! ሥራው ያለው ትከሻና ደረት ላይ ነው። ጥቂት ቆይቶ ጉራጊኛ ይገባል። አሁን ሥራው ወደ እግር ወረደ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሰው ሁሉ ላብ በላብ ነው። ከዚያ ሸጎዬ። የሐረርጌ ኦሮሞ ጭፈራ ነው። ወንዱና ሴቷ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ አንገት ይናገራል። ከዚያ የሶማሌው ዳንቶ። እርምጃው ውስጥ የግመል አካሄድ አለ ይላሉ፤ እኔም ባየሁት ቁጥር ግመሉ ይታየኛል። ከሐረር የመጡ ዘመዶች ካሉ ደግሞ የሐረሪው ጭብጨባ ይከተላል።

በዚህ ሁሉ መሀል የድሬ ልጅ አይቀመጥም። አንድ ሰዓት ውስጥ ከትከሻ ወደ እግር፣ ከእግር ወደ አንገት፣ ከአንገት ወደ እርምጃ ይሄዳል። «ያንተ የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። እሱም ራሱን አይጠይቅም። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ግን ዳር ላይ ቆሞ የራሱን ዘፈን ሲጠብቅ ታዩታላችሁ። ይመጣልኛል ብሎ ይጠብቃል። ሲመጣለት ይጨፍራል። ሲያልቅ ተመልሶ ዳር ይቆማል። ያሳዝነኛል ዋላሂ። ሠርጉ ግማሽ በግማሽ ነው ያመለጠው።

ቆይ፣ ምሳሌው ገና አላለቀም። የድሬ ልጅ ሁሉንም ይጨፍራል ብያለሁ አይደል? ግን አንዱ ላይ ይበልጣል። እኛ ሰፈር አንድ ልጅ አለ፣ ሸጎዬ ሲመጣ ሁሉም ሰው ወደ ኋላ ይላል። «ቦታ ስጡት! ቦታ ስጡት!» ክብ ይሠራለታል። ያ የእሱ ነው። እስክስታ ላይ ደህና ነው፣ ጉራጊኛ ላይ ደህና ነው፣ ሸጎዬ ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። አንድ ቀን አንገትህ እንዴት እንዲህ ሆነ ብዬ ስጠይቀው ምን አለኝ? «እስክስታ ነው ያስተማረኝ። ትከሻዬን መልቀቅ ከቻልኩ በኋላ ነው አንገቴ የተፈታው።» ይህን አባባሉን ያዙልኝ። እመለስበታለሁ።

እግረ መንገዴን፣ ቻናሉን ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ። የምትልኩልኝን ጥያቄ ሁሉ አነባለሁ፣ ዛሬም ከዚያው ነው የተነሳሁት።

አሁን ኮሌጁ። ሠርጉ ስለገባችሁ ይሄ በፍጥነት ያልፋል። ሊበራል አርትስ ኮሌጅ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ያተኩራል። አራት ዓመት ነው። በብዙዎቹ በሴሚስተር አራት ኮርስ፣ በድምሩ ሠላሳ ሁለት ገደማ ትወስዳላችሁ። ከዚያ ውስጥ ሲሶ የሚሆነው ሜጀራችሁ፣ ዋናው የትምህርት መስካችሁ ማለት ነው፤ ቦታ ስጡት የሚባልላችሁ። ሌላው ከሳይንሱ፣ ከታሪኩ፣ ከቋንቋው፣ ከሂሳቡ ነው። ሜጀር የምትመርጡት አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ሁለት ሜጀር መያዝ ይቻላል። አንድ ሜጀርና አንድ ማይነር፣ ማለትም አነስ ያለ ሁለተኛ መስክ፣ መያዝም ይቻላል። የዳንስ ሜጀር ውስጥ ቴክኒክ አለ፣ ኢምፕሮቫይዜሽን አለ (ሳይዘጋጁ እዚያው እየፈጠሩ መደነስ)፣ ዳንስ መፍጠር አለ፣ የዳንስ ታሪክ አለ፣ የአጥንትና የጡንቻ ትምህርት አለ። አንዳንዱ ጋ ዳንስን ልክ እንደ ሙዚቃ ኖታ በምልክት መጻፍ ይማራሉ። ያን ዘዴ ሩዶልፍ ላባን እ.ኤ.አ. በ1928 ነው ያሳተመው። መጨረሻ ላይ የራሳችሁን ሥራ መድረክ ላይ ታቀርባላችሁ። ይኸው ነው።

«ሊበራል» የሚለውን ሰምታችሁ ፖለቲካ የመሰላችሁ አላችሁ። አይደለም። ከላቲን የመጣ ቃል ነው፣ ነፃ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ዕውቀት ለማለት። «አርትስ» ሲባልም ሥዕል ብቻ አይደለም። የድሮዎቹ ሰባት ነበሩ፦ ሰዋስው፣ ሎጂክ፣ የንግግር ጥበብ፣ ሂሳብ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና የከዋክብት ጥናት። ዳንስ አልነበረበትም። ኋላ ነው የገባው።

አሁን ወደ ትልቁ ልምጣ። ይህን ርዕስ ባነሳሁ ቁጥር አንድ ነገር ይጻፍልኛል። «ዳንስ ደግሞ ትምህርት ነው እንዴ? ዳንስ እኮ በደም ነው የሚመጣው።» ሌላው፦ «አራት ዓመት ተምሮ አዝማሪ ሊሆን?» እናቶችም ይጽፉልኛል፣ ከልባቸው ተጨንቀው።

በመጀመሪያ አዝማሪን እንደ ስድብ አንጠቀምበት። አዝማሪ ግጥም በቃሉ እየፈጠረ፣ ማሲንቆ እየመታ፣ የሰውን ፊት እያነበበ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ሦስቱንም አንድ ላይ ማድረግ ስንቶቻችን እንችላለን?

ሁለተኛ፣ «በደም ነው» የሚለው። የሰፈራችንን ልጅ አስታውሱ። «እስክስታ ነው ያስተማረኝ» ነው ያለኝ። ደሜ ነው አላለም። ትከሻው ከአንገቱ ጋር እንዴት እንደተያያዘ በራሱ አካል አጥንቶ ደረሰበት። ስም አልሰጠውም እንጂ ያ አናቶሚ ነው።

ሦስተኛ፣ ታሪኩን ተመልከቱ። ዳንስን ዩኒቨርሲቲ ያስገባችው ማን መሰለቻችሁ? የባዮሎጂ ተማሪ! ማርጋሬት ዱብለር ትባላለች። ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተማረች፣ ከዚያ ሴት ተማሪዎችን ቅርጫት ኳስ ታሰለጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ዳንስ ማስተማር ጀመረች። ተማሪዎቿን መጀመሪያ ወለል ላይ ታስተኛለች። የሰውነት ክብደት ሳይጫናቸው መገጣጠሚያቸው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እንዲያዩ ነው። ክፍል ውስጥ አጽም ታቆማለች፤ የእውነት አጽም፣ ለማሳያ። እኔን ተከተሉ ብላ አትደንስላቸውም፤ ራሳችሁ ፈልጉት ትላለች። እ.ኤ.አ. በ1926 እዚያው ዩኒቨርሲቲ በዳንስ ዲግሪ መስጠት ተጀመረ። በአሜሪካ የመጀመሪያው ነው። ዊስኮንሲን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ አይደለም። መንገዱን የጠረገችው ግን እሷ ናት።

ከዚያ ቬርሞንት ውስጥ ቤኒንግተን የሚባል ትንሽ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1932 ተከፈተ። እዚያ ዳንስ ገና ከመጀመሪያው እንደ ሌላው ትምህርት እኩል ወንበር አገኘ። ማርታ ሂል የምትባል መምህርት ነበረች የያዘችው። እ.ኤ.አ. በ1934 ክረምት ላይ የዳንስ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ማርታ ግራሃምን የመሰሉ ታላላቆች መጥተው አስተማሩ። የአሜሪካ ዘመናዊ ዳንስ እንዲህ ካለ ትንሽ ኮሌጅ ብዙ ጉልበት አግኝቷል።

አሁን ደግሞ ሁለት ጥቁር ሴቶች። እነዚህን ስናገር ድምፄ ከፍ ካለ ታገሱኝ፣ በጣም ነው የምወዳቸው።

ካትሪን ደንሃም። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ ተማረች፤ የሰውን ባህልና አኗኗር የሚያጠናውን ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ወደ ካሪቢያን ሄደች። ጃማይካ፣ ሄይቲ። ሕዝቡ መሀል ገብታ ጭፈራውን አጠናች። ለምን ይጨፍራሉ? መቼ? ለማን? ያንን ይዛ ተመልሳ እስከ ዛሬ በስሟ የሚጠራ የዳንስ ቴክኒክ ፈጠረች።

ፐርል ፕራይመስ። የሳቢያኗ እህቴ፣ ይቺን ስሚያት። ትሪኒዳድ ተወለደች፣ ኒው ዮርክ አደገች። ሀንተር ኮሌጅ ባዮሎጂ ተማረች፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ተመረቀች። ሐኪም መሆን ነበር ሐሳቧ። በቆዳዋ ቀለም ምክንያት የላቦራቶሪ ሥራ የሚሰጣት አጣች። ወደ ዳንስ ገባች፤ ዝላይዋ ዝና አገኘ። አፍሪካ ድረስ ሄዳ ጭፈራ አጠናች፣ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1978 ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን ያዘች። ባዮሎጂና ዳንስ፣ ሁለቱንም በአንድ ሰው ውስጥ። ያንቺ ጥያቄ ከሰማንያ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ስለዚህ «ተምሮ ምን ሊሆን» ለምትሉ እናቶች፦ ዳንስን ከሌላ ትምህርት ጋር የያዘ ልጅ መምህር ይሆናል፣ ፊዚዮቴራፒ ይቀጥላል፣ ባህል ያጠናል፣ መድረክ ያስተዳድራል። ዳንሰኛም ይሆናል። ደመወዙ እንደ ሐኪም ይሆናል ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ልጃችሁ ባዮሎጂውን አልጣለችም። ከሌላው ጋር ይዛዋለች።

አንድ መለየት ያለባችሁ ነገር። ቢ.ኤ. (ባችለር ኦፍ አርትስ) እና ቢ.ኤፍ.ኤ. (ባችለር ኦፍ ፋይን አርትስ) የሚባሉት ሁለት የመጀመሪያ ዲግሪዎች አንድ አይደሉም። ቢ.ኤ. እስካሁን ያወራሁላችሁ ነው፣ ሠርጉ። ቢ.ኤፍ.ኤ. ላይ ግን አብዛኛው ሰዓት ስልጠና ነው፤ እንደ ኒው ዮርኩ የጥበብ ትምህርት ቤት፣ እንደ ጁልያርድ ያሉት ማለት ነው። የጁልያርድን የዳንስ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1951 ያቋቋመችው ያቺው ማርታ ሂል መሆኗን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ በሁለቱም መንገድ አልፋለች። እዚያ ለመግባት ኦዲሽን አለ፤ ስትደንሱ አይተው የሚመርጡበት ፈተና ማለት ነው። በልጅነቱ ክፍል ገብቶ የሠለጠነ ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚያልፈው። ብዙ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች ግን ለመግባት ኦዲሽን አይጠይቁም። ሠርግ ላይ ለተማረ የድሬ ልጅ እኔ ቢ.ኤ.ውን ነው የምመክረው።

ገንዘቡ? ታዋቂዎቹ የግል ኮሌጆች በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። አትደንግጡ። ያ ሙሉ ዋጋው ነው፣ ሁሉም ሰው አይከፍለውም። የተቀበሉት ተማሪ የጎደለውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍኑ አሉ። አምኸርስት ኮሌጅ የውጭ አገር ተማሪንም ቢሆን የመክፈል አቅሙን ሳያይ ከሚቀበሉ ጥቂቶች አንዱ ነው። ተማሪዎቹ ስሚዝንና ማውንት ሆልዮክን ከመሳሰሉ ጎረቤት ኮሌጆች ጋር የዳንስ ትምህርት ይጋራሉ። ፉክክሩ ግን ከባድ ነው፣ ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ አታመልክቱ። የማመልከቻ ክፍያ ካልቻላችሁ ነፃ እንዲያደርጉላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፣ ነውር የለውም። እና እባካችሁ ለደላላ ገንዘብ አትስጡ። አንድ ጓደኛዬ ሰጥታ ገንዘቡም ዓመቱም ሄደባት። ቅጹ ኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ነው፣ ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ።

ኦዲሽን ባይጠይቁም የዳንስ ቪዲዮ ብትልኩ የሚያዩላችሁ ብዙ ናቸው። የሳቢያኗ ልጅ የአጎቷ ልጅ ሠርግ ላይ የተቀረጸች ላከችልኝ። ጎበዝ ናት፣ አቦ! ግን እግሯ ተቆርጧል፣ መሀል ላይ ደግሞ አንድ አጎት ሰሃን ይዞ ያልፋል። ስለዚህ ይህን አልኳት፤ እናንተም ስሙ። ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ይታይ። ስልኩ አይንቀሳቀስ። አትቆራርጡት። አንድ የምታውቁትን ጭፈራ፣ አንድ ራሳችሁ የፈጠራችሁትን። ማጣሪያና ጌጥ አያስፈልግም።

ለቅዳሜ ተቃጥረናል። ጠዋት 12 ሰዓት፣ እነሱ ግቢ፣ ሙቀቱ ሳይመጣ። መጀመሪያ ዳንቶ፣ ቀጥሎ የራሷን። ስልኩን የምይዘው እኔ ነኝ።