በእንቁላል ያልተግባቡት እንግሊዞች

(ምስል፦ ነፋስ የጠፋበት ባሕር፣ የቆመች መርከብ)

ነጋዴዎች ከቴምዝ ወንዝ ተነስተው ባሕር ሊሻገሩ ሲሉ ነፋስ ጠፋና በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ኬንት ጠረፍ ላይ ቆሙ። ራባቸው። አንዱ ወርዶ እዚያው አንድ ቤት ገባና የሚበላ ነገር፣ በተለይ «ኤግስ» እንዲሰጡት ጠየቀ። እንቁላል ማለቱ ነው። የቤቱ እመቤት «ፈረንሳይኛ አልችልም» ብላ እርፍ! ሰውየው ጦፈ፤ ፈረንሳይኛ እሱም አይችልማ። ሌላ ሰው መሃል ገብቶ «ኤይረን» ሲላት ወዲያው ገባት።

ይህን የጻፈልን ዊልያም ካክስተን ነው፣ በፈረንጆቹ 1490። እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያውን ማተሚያ ያቆመውም እሱ ነው፣ በ1476።

የአንድ አገር ሰዎች እንዴት በእንቁላል አይግባቡም? «ኤይረን» የጥንቶቹ የአንግሎ ሳክሶኖች ቃል ነው። «ኤግ» ግን የመጣው ከስካንዲኔቪያ ባሕረኞች፣ ከቫይኪንጎች ነው፤ ሊዘርፉ መጥተው በሰሜንና በምሥራቅ እዚያው ቀሩ፣ አረሱ፣ ተጋቡ። «ስካይ»ም «ናይፍ»ም የነሱ ነው። ይባስ ብሎ «ዘይ»፣ ማለትም «እነሱ» የሚለው ራሱ! ቋንቋ የዕቃ ስም ሲዋስ ያለ ነው፣ ተውላጠ ስም መዋስ ግን ጎረቤት ሳይሆን ቤተሰብ መሆን ነው።

ፈረንሳይኛውስ? በ1066 የኖርማንዲው ዊልያም እንግሊዝን ያዘ። ቤተ መንግሥቱም ፍርድ ቤቱም በፈረንሳይኛ ሆነ። ከብቱ በረት ውስጥ በእንግሊዝኛው «ካው» ነው፣ ሥጋው ማዕድ ላይ ሲቀርብ በፈረንሳይኛው «ቢፍ»፤ በጉም «ሺፕ» ሆኖ ታርዶ «መተን» ሆነ። (ልዩነቱ በአንድ ቀን የጠራ እንዳይመስላችሁ፣ ዘመናት ፈጅቷል።) በ1362 ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሕግ ወጣ። ሕጉ የተጻፈው በምን ይመስላችኋል? በፈረንሳይኛ!

(ምስል፦ «ናይት» የሚለው ቃል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል)

ልጅ ሆናችሁ ይቺን «ናይት» (knight፣ ፈረሰኛ ተዋጊ) የምትባል ቃል ስትሸመድዱ ያልተናደዳችሁ አላችሁ? ፊት ያለው ኬ፣ መሃል ያሉት ጂ እና ኤች ድሮ ሁሉም ይነበቡ ነበር፤ «ክኒኽት» ዓይነት። ማተሚያ መጥቶ አጻጻፉ እየረጋ ሲሄድ አነባበቡ ግን መለወጡን አላቆመም፣ ፊደሎቹም ድምፃቸው ሞቶ ወረቀት ላይ ቀሩ። ብቻ አትሳቁባቸው፤ እኛም ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ አድርገን እያነበብን ሦስቱንም እንጽፋለን።

ካክስተንም ግራ ገብቶት ነበር፦ ኤግስ ይጻፍ ወይስ ኤይረን? ያሸነፈው የቫይኪንጎቹ ነው። ያቺ ሴትዮ ዛሬ ኬንት ገበያ ወጥታ «ኤይረን» ብትል፣ የውጭ አገር ሰው የምትመስላቸው እሷ ናት።