ልጅ የማይጠይቅበት የሳይንስ ክፍል
(በእጩ መምህራን የልምድ ልውውጥ ቀን የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ ከየትምህርት ቤቱ የመጣችሁ አማካሪ መምህራን፣ አብረን የተማርን እህት ወንድሞቼ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

አስተባባሪዎቹ ሳይንስን በኦንላይን ስለማስተማር የጀማሪ ልምድሽን አካፍይን ብላችሁ ስትጋብዙኝ ደስ ብሎኛል። ስለ አፕሊኬሽንና ስለ ስላይድ ግን አላወራም፣ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሆዴ ውስጥ የቆየ አንድ ነገር አለ፣ እሱን ልናገር ነው የመጣሁት።

መጋቢት 2012ን መቼም ማናችንም አንረሳውም። መጋቢት 4 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ተባለ፣ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ለ15 ቀን ይዘጋ ተባለ፣ ከዛ ተራዘመ፣ እንደገና ተራዘመ፣ እንዲህ እያለ ዓመቱ አለቀ። ብዙዎቻችን ቀን በግል ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ነበርን፣ ማታ እዚህ እንማራለን፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተዘጋብን። ትምህርት ቤቶቹ ወደ ቴሌግራም ገቡ፣ እኛም ማስተማርን ገና ሀ ብለን ስንጀምር የመጀመሪያ ክፍላችን ስልክ ሆነ።

ለኔ የደረሰኝ የ5ኛ ክፍል ኢንቴግሬትድ ሳይንስ ነበር። የተከፈተልን ቻናል ነው፣ ግሩፕ አይደለም። እኛ እንለጥፋለን፣ ልጆቹ ያያሉ፣ በቃ። አንድ ልጅ "ሚስ አልገባኝም" የሚልበት ቦታ የለውም። ለምን ግሩፕ አናደርገውም ብዬ ቢሮ ስጠይቅ "ወላጅ እየገባ ያወራል፣ ስነስርዓት ይጠፋል" ተባልኩ። ከዛ በየሳምንቱ ስንት ፋይል እንደለጠፍን ይቆጠራል፣ ኖት በፒዲኤፍ፣ ባዶ ቦታ ሙላ፣ ምርጫ። ልጁ ኖቱን ደብተሩ ላይ ይገለብጣል፣ እናት ደብተሩን ፎቶ አንስታ ለቢሮ ትልካለች፣ ቢሮው "ተምሯል" ብሎ ይመዘግባል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደዚህ ሲሰራ የከረመ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ፊታችሁ ላይ ይታየኛል።

ሰኔ መጣ። ሰኔ 14፣ እሁድ ጠዋት፣ የፀሐይ ግርዶሽ። ታስታውሱታላችሁ አይደል? በየሬዲዮው የሚወራው እሱ ነበር፣ ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት መስላ ትታያለች፣ አዲስ አበባ ደግሞ በከፊል ትጋረዳለች ይባላል። ይሄኮ ለሳይንስ መምህር በስንት ዘመን አንዴ የሚገኝ ነገር ነው፣ ሰማዩ ራሱ ልጆቹ ግቢ ድረስ ሊመጣ ነው! በዛ ላይ አደጋም አለው፣ ሰው በራጅ ፊልም ሊያይ ነው፣ በጥቁር መነጽር ሊያይ ነው፣ በሳፋ ውሃ አድርጎ ሊያይ ነው፣ ሁሉም አይን ይጎዳል። አንድ የድምፅ መልዕክት ቻናሉ ላይ ልልቀቅ፣ እንዴት በሰላም እንደሚያዩት ልንገራቸው አልኩ። "ከሲለበስ ውጪ ነው፣ ያልተጠናቀቀ ምዕራፍ አለሽ" ተባልኩ።

እንግዲህ የወላጆችን ስልክ ይዤ አንድ በአንድ መደወል ጀመርኩ። እትዬ እንዲህ ያለ ነገር አለ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ልጆቹን ግሩፕ ላስገባቸው፣ እያልኩ። አንድም እምቢ ያለኝ ወላጅ አልነበረም፣ እንደውም "ልጄ ሰው ናፍቆታል" ያሉኝ አሉ። ለልጆቹ የነገርኳቸው ቀላል ነው። ወንፊት ፈልጉ፣ ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ፣ ወንፊቱን ከፍ አድርጉና ነጭ ወረቀት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ተመልከቱ፣ ቀና ብላችሁ ፀሐይን እንዳታዩ።

ጠዋት ደመናው ሲከፈት ሲዘጋ ቆይቶ ገለጥ ሲል ስልኬ ላይ የወረደውን ፎቶ ብታዩት! የሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ነጠላ ላይ፣ የአባት መኪና ቦኔት ላይ፣ በወንፊቱ ቀዳዳ ልክ ትንንሽ ማጭድ ማጭድ የሚመስል ብርሃን። አንዱ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ እያለን ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ፣ ቮይስ ላከ። "ሚስ፣ የወንፊቱ ቀዳዳ አራት ማዕዘን ነው፣ ብርሃኑ ለምን የተገመጠ ሆነ?"

መምህራን፣ ይህቺን ጥያቄ እስቲ ያዙልኝ። የየትኛው ፒዲኤፍ መጨረሻ ላይ አለች? እኔም መልሱን ነግሬ አልዘጋኋትም። ነገ ግርዶሽ የለም፣ ካርቶን ላይ ትንሽ ሶስት ማዕዘን ቀዳዳ ብሱና ፀሐይ ላይ ይዛችሁ ሞክሩ አልኳቸው። በነጋታው ሞከሩ። ካርቶኑ ወረቀቱ አጠገብ ሲሆን ብርሃኑ ሶስት ማዕዘን ነው፣ ካርቶኑን እያራቁት ሲሄዱ ክብ ይሆናል። ከዛ ግሩፑ ውስጥ ክርክር ተነሳ፣ አንዷ ቀዳዳው ስለጠበበ ነው ትላለች፣ ሌላው ካርቶኑ ስለጎበጠ ነው ይላል፣ ሲከራከሩ ሲከራከሩ "ሚስ ክቡኮ ራሷ ፀሐይ ናት፣ ትናንት የተገመጠችውም እሷ ናት" ላይ ደረሱ። የ5ኛ ክፍል ልጆች ናቸው! ብርሃን ቀጥ ብሎ እንደሚጓዝ፣ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የምንጩን ምስል እንደሚሰራ፣ ማንም ኖት ሳይሰጣቸው በወንፊትና በካርቶን አገኙት። ላሊበላ ላይ ለምን ቀለበት ሆነ ለሚለው ደግሞ ባለ አንድ ብሩን ሳንቲም ይዘው ከደብተር ላይ የተሳለ ክብ ፊት ለፊት በአንድ አይናቸው ሲያዩ ዋሉ፣ ሳንቲሙ ወደ አይን ሲቀርብ ክቡን ሙሉ ይሸፍነዋል፣ ሲርቅ ጠርዙ ይተርፋል፣ ጨረቃም እንደ ሳንቲሙ የዛን ቀን ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ መሸፈን አልቻለችም።

ትንሽ ቆይቶ ሰኔ 23 ኢንተርኔት ተቋረጠ። ቻናሉም ፒዲኤፉም ያን ቀን አበቃ። የልጆቹ ሳይንስ ግን አልቆመም፣ ምክንያቱም ስልኩ ውስጥ አልነበረም። ኢንተርኔቱ ሐምሌ ላይ ሲመለስ አንዷ ልጅ የሷን ጉድ ላከችልኝ። አያቷ ለሐምሌ ገብርኤል ጠላ ሊጠምቁ ገብስ ዘፍዝፈው በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ብቅል ሲያበቅሉ፣ ልጅቷ የተወሰነውን ገብስ ለብቻ ወስዳ ውሃ ውስጥ እንደሰጠመ ተወችው። በቅጠል የታፈነው በጨለማ አቆጠቆጠ፣ ውሃ ውስጥ የቀረው ሸተተ። "ሚስ ብርሃን ሳያገኝ እንዴት በቀለ? ውሃ የበዛለትስ ለምን አልበቀለም?" ዘር ለመብቀል ውሃ፣ አየርና ሙቀት እንደሚበቃው፣ ምግቡን በሆዱ እንደያዘ፣ ከዚህ ጥያቄ ተነስተን ነው የተማርነው። አያትየው ሕይወታቸውን ሙሉ ሲሰሩት የኖሩት ነገር የልጅ ልጃቸው የሳይንስ ትምህርት ሆነ።

እና እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ኢንተርኔት የለም፣ ኔትወርክ ደካማ ነው፣ ልጁ የራሱ ስልክ የለውም፣ አባቱ ታክሲ ሲነዳ ውሎ ማታ 2 ሰዓት ነው ስልኩን ይዞ የሚገባው፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው፣ ችግሩን ማንም አይክድም። የልጁን አፍ የዘጋው ግን ኔትወርክ አይደለም፣ እኛ ነን! ቻናል ከፍተን መልስ መስጫውን የዘጋነው እኛ ነን። የድምፅ መልዕክት ከቪዲዮ ስንት እጥፍ ይቀላል፣ ትንሽ ፓኬጅ ይበቃዋል፣ ልጁ ማታ ልኮ ጠዋት መልስ ማግኘት ይችል ነበር። ፋይል እየቆጠርን አስተማርን አልን። ልጅ የማይጠይቅበትን ክፍል እኔ የሳይንስ ክፍል ብዬ አልጠራም፣ በሰሌዳም ይሁን በስልክ!

ሌሎች ነጥቦችም ይዤ ነበር፣ ባጭሩ ልለፋቸው። የፕራክቲከም፣ ማለትም የማስተማር ልምምዳችን፣ መመዘኛ ቅጽ "የሰሌዳ አጠቃቀም" ነጥብ አለው፣ "የተማሪን ጥያቄ እንዴት ተቀበለች" የሚል ግን የለውም። ብዙ የመንግስት ትምህርት ቤት ልጆች የደረሳቸው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነበር፣ እሱም መልሶ አይሰማም፣ ያ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው። በ2013 ትምህርት ቤት ሲከፈትም ልጆቹ ማስክ አድርገው በፈረቃ ነበር የተመለሱት፣ ቤት የሚውሉባቸው ቀናት ነበሩ፣ ስለዚህ ነገሩ ትምህርት ቤት በመከፈቱ አላበቃም።

ዲፓርትመንቱን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ወደምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች ደብዳቤ ሲጻፍ ልጆች በድምፅ የሚጠይቁበት ግሩፕ ይከፈት የሚል ይግባበት፣ ቅጹም ለሚቀጥለው ሴሚስተር ሳይባዛ ይስተካከል። የቅጹን ረቂቅ ጀምሬዋለሁ፣ አብሮኝ መስራት የሚፈልግ ከምሳ በኋላ ላይብረሪው በር ላይ ያገኘኛል። አመሰግናለሁ።