እሸት ቡና ቀጠሮ አይጠብቅም

የተከበራችሁ የባንክ ኃላፊዎች፣ የንግድ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አላችሁ።

ከይርጋጨፌ የመጣሁ ቡና አቅራቢ ነኝ። በእኛ አካባቢ ቀዩ እሸት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል። በተለቀመበት ዕለት ገዝቼ ካልፈለፈልኩት ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ጥራቱም ይወርዳል። ገበሬው በዱቤ አይሰጠኝም፤ ሊሰጠኝም አይገባም። የልጆቹ ትምህርት፣ የዓመት ልብሱ፣ ዕዳው ሁሉ እነዚያን ሦስት ወራት ነው የሚጠብቀው። ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት እገዛለሁ። ገንዘቡ በሙሉ በእነዚያ ሳምንታት ይወጣል፤ የሚመለሰው ቡናው በማድረቂያ አልጋ ላይ ደርቆ፣ ቅርፊቱ ተገፎ፣ ተሸጦ ነው።

ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ የወሰነው የዋጋ ንረትን ለመግታት ነበር። ዓላማውን አልቃወምም፤ ንረቱ እኛንም ሠራተኞቻችንንም አቃጥሎናል። በተከታዩ መስከረም ግን የብድር ማመልከቻ አስገባሁ። አልተከለከልኩም፤ የተፈቀደልኝ በየካቲት ነው። በየካቲት ዛፍ ላይ የሚገዛ እሸት የለም። የቡና ማጠቢያ ጣቢያዬ ከግማሽ በታች ሠርቶ ከረመ፤ በየዓመቱ እሸት ለቅመው፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ አገላብጠው የሚተዳደሩ ሴቶችን ከደጄ መለስኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ፋብሪካ ያለው ወዳጄ ደግሞ ሌላ ነገር ነው የገጠመው። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያንኑ ጥሬ ዕቃ ለማስመጣት እጥፍ ሊደርስ የተቃረበ ብር አስፈለገው፤ የብድር ጣሪያው ግን ባለበት ነበር። ወደ 18 በመቶ ከፍ ያለው በታኅሣሥ 2017፣ ወደ 24 በመቶ ደግሞ በመስከረም 2018 ነው። ተቋራጮች የሚያማርሩት ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ሥራው አልቆ ክፍያው ሲዘገይ ወለዱ ይቆጥርባቸዋል።

ስለ መያዣም ልናገር። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ የእርሻ ምርትና የመጋዘን ዕቃ ጭምር፣ ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። እኔ ግን መጋዘኔ ውስጥ ቡና እያለ የምጠየቀው ቤት ነው። ቤት የሌለው ጎበዝ ወጣት አቅራቢ ታዲያ ከየት ይጀምር?

ከእናንተ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የቡና ብድር ጥያቄ እስከ መስከረም መጨረሻ ውሳኔ ያግኝ። ዓመታዊ ዕቅዳችሁን ስታወጡ ለለቀማው የሚሆነውን ድርሻ ከወዲሁ ለዩ። መልሱ «አይሆንም» ቢሆን እንኳ በጊዜው ይነገረን፤ ሸሪክ እንፈልጋለን፣ የምንገዛውንም እንቀንሳለን።

አሁን ሐምሌ ነው። የዘንድሮው ማመልከቻዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ከዚህ አዳራሽ እንደወጣሁ አስገባዋለሁ።

አመሰግናለሁ።