የኔታም ታብሌቱም

ውድ መምህራን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የትኛው አፕ ይሻላል የሚለውን አላወራም። የማወራው ልጁ ሲያነብ ማን ያዳምጠዋል ስለሚለው ነው።

ፕላዝማውን፣ ያን የክፍል ውስጥ የትምህርት ቴሌቪዥን፣ ታስታውሱታላችሁ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለሁሉም እኩል ይተላለፋል፤ መምህሩ መግቢያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይደርሰዋል። መሃል ላይ ልጅ እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አይቆምለትም። መብራት ከጠፋማ ትምህርቱ አለፈ፣ በቃ። ጥፋቱ የቴክኖሎጂው አይመስለኝም፤ መምህሩን ዳር ማስያዛችን ነው።

የቄስ ትምህርት ቤትን ደግሞ ብዙ ሰው ሽምደዳ ብቻ አድርጎ ያየዋል። አልስማማም። ልጁ ሀ ሁ ሂን በተራ፣ በዜማ ከያዘ በኋላ አቡጊዳ ይመጣል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ። ተራው ይፈርሳል፤ በዜማ ብቻ የያዘውና ፊደሉን በእውነት የለየው እዚያ ላይ ይታወቃሉ። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። ያልያዘ አያልፍም፣ የፈጠነም ሌላውን ቆሞ አይጠብቅም፤ ቀድሞ የገባው የኋለኛውን ያስጠናል፣ የኔታ ደግሞ እያንዳንዱን ፊት ለፊት ያዳምጣሉ። (ዱላውን ግን እዚያው እንተወው፤ በዚህ አልደራደርም።)

ታብሌቱ የሚገባው እዚህ መሃል ነው። ፊደል አቀላቅሎ ማሳየት፣ አንድን ድምፅ ሳይሰለች መቶ ጊዜ ማሰማት ለማሽን ቀላል ነው፤ ለመምህር ግን ጉሮሮ ይጨርሳል። እንበልና 60 ልጆች አሏችሁ፣ ያለው አንድ ስልክና አንድ ስፒከር ነው። ንባቡን በራሳችሁ ድምፅ ቅዱት፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም። አንዱ ቡድን በጎበዝ አንባቢ እየተመራ ድምፁን ይከተል፣ ሌላው ይጻፍ፣ እናንተ በዚያ ሰዓት ጥግ ይዛችሁ የተቀሩትን አንድ በአንድ አስነብቡ። ነገ ተራው ይቀየር። ሸን ከሰ የሚያምታታው ማን እንደሆነ የምታውቁት እንዲህ አጠገባችሁ ሆኖ ሲያነብላችሁ ነው።

ርዕሳነ መምህራን፣ እናንተንም ልለምን። ስንት ታብሌት ገባ ብቻ አትበሉ። ለመምህሩ የመዘጋጃ ሰዓት ስጡት፣ ዕቃውን ቻርጅ የሚያደርግ ሰው መድቡ፣ የክፍለ ጊዜ ድልድል ስትሠሩ ልጆችን ማዳመጫ ጊዜ አስገቡበት።

ከሰኞ ጀምሮ መሞከር የምትፈልጉ ሻይ እስኪመጣ እዚሁ ቆዩ፤ የመጀመሪያውን ንባብ አብረን እንቀዳለን።