አሸዋው ዘንድም ሰው ይኑር
(ሱሉልታ ላይ በተካሄደ የወጣቶች የአትሌቲክስ ውድድር መክፈቻ የተደረገ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ አሰልጣኞች፣ የስፖርት መምህራን፣ ወላጆች፣ በዚህ ብርድ ቱታችሁን እንደለበሳችሁ የምትጠብቁኝ ልጆቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

መክፈቻውን አንተ ተናገር የተባልኩት በዕድሜ ስለምበልጥ እንጂ ንግግር ስለማውቅ አይደለም። ከሃያ ዓመት በላይ በመምና በሜዳ ዳኝነት ስሠራ የለመድኩት ዝምታን ነው። ዳኛ ባንዲራ ያነሳል፣ ይለካል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል። ስለዚህ አላስረዝምም። የሱሉልታ ንፋስም ብዙ አያናግርም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የምዝገባውን ወረቀት ሳገላብጥ ነበር። የ5000 ሜትር ተወዳዳሪዎችን በሁለት ምድብ ከፍለን አልበቃ ብሎን ሦስተኛ ጨመርን። ለስሉስ ዝላይ የተመዘገቡት ሦስት ናቸው። ለአሎሎ ውርወራ ሁለት። ከሁለቱ አንዱን ጠርቼ «ልጄ፣ አሎሎ ወርውረህ ታውቃለህ?» ብለው፣ «አላውቅም፤ ጓደኛዬ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው» አለኝ። ደግነቱን ወድጄዋለሁ። ውድድሩ ግን አሳዘነኝ።

ነገሩ የሚመጣበት አይጠፋኝም። እዚህ ያደገ ልጅ ጎህ ሲቀድ ከደጁ ላይ የሚያየው ተሰልፈው የሚሮጡ አትሌቶችን ነው። ከእንጦጦ ማዶ ያለው ይህ ሜዳ ለሩጫ የተሠራ ይመስላል። ሮጦ ቤት የሠራ ጎረቤት አለው፤ ዘልሎ ቤት የሠራ ጎረቤት ግን የለውም። አባትና እናትም ልጃቸው ጦር ውርወራ እሠለጥናለሁ ቢላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ምን ይበላበታል ብለው ነው። አልፈርድባቸውም።

ነገር ግን የብዙ ስፖርቶች ጨዋታ ሒሳቡ ሌላ ነው። የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች በ1957 ዓ.ም. ብራዛቪል ላይ ከተጀመሩ ወዲህ (ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጠራው) አገሮች የሚደረደሩት በሜዳልያ ብዛት ነው። የ10 ሺህ ሜትር ወርቅና የዲስከስ ወርቅ በሰንጠረዡ ላይ እኩል አንድ አንድ ሆነው ይጻፋሉ፤ 25 ዙር ሮጠህ አመጣኸው፣ ስድስት ጊዜ ወርውረህ አመጣኸው የሚል ጠያቂ የለም። በኦሊምፒክ የወንዶች አትሌቲክስ 23 የውድድር ዓይነቶች አሉ። ከ800 ሜትር ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን፣ መሰናክሉንና እርምጃውንም ጨምራችሁ ቁጠሩ፤ ሰባት ነው። አሥራ ስድስቱ ሌላ ነው። የእኛ የኦሊምፒክ ሜዳልያ ሁሉ የመጣው ከዚያ ከሰባቱ ሠፈር ነው። በአሥራ ስድስቱ ደጃፍ እናልፋለን እንጂ አንገባም።

በሰባቱ ኮርተናል፣ መኩራትም ይገባናል። በ1965 ዓ.ም. ሌጎስ ላይ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን፣ ምሩጽ ይፍጠር 10 ሺህ ሜትሩን ወሰዱ። በ1979 ናይሮቢ ላይ ማራቶኑን ያሸነፈው በላይነህ ዴንሳሞ በዓመቱ ሮተርዳም ላይ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገብቶ፣ አሥር ዓመት ያልተደፈረ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ኖረ። የአህጉሩ ጨዋታ ለዓለም መውጫ በር ነው የምለው ይህን ሁሉ አይቼ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ብዙ ሰው፣ አሰልጣኞችም ጭምር፣ «የእኛ ከፍታ ለረጅም ርቀት ነው የሚሆነው» ይላል። በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የሆነውን አስቡት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2240 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እኛ አሁን የቆምንበት ከዚያም ከፍ ይላል። ጥቅምት 8 ቀን አሜሪካዊው ቦብ ቢሞን 8 ሜትር ከ90 ዘለለ። የቀድሞውን ክብረ ወሰን በ55 ሳንቲሜትር ነው ያለፈው፤ አንድ ክንድ እንኳ ከዚያ ያንሳል። ሁለት ቀን ቆይቶ በዚያው ከተማ፣ በዚያው ስስ አየር፣ የ36 ዓመቱ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ። ማሞን የጠቀመው ሳንባው አየሩን መልመዱ ነው። ቢሞንን የጠቀመው ደግሞ የሚገፋው አየር መሳሳቱ ነው። ስስ አየር ለአጭር ርቀት ሯጭና ለዘላይ ይመቻል፤ ከ1000 ሜትር ከፍታ በላይ የተገኘ ውጤት በመዝገብ ላይ የከፍታ ምልክት የሚደረግበትም ለዚህ ነው። እኛ ግን ከዚህ አየር ግማሹን ጥቅም ብቻ ወስደን ግማሹን ለእንግዳ ትተናል።

ለእንግዳ ስል አላጋነንኩም። በ2000 ዓ.ም. ሚያዝያ የአፍሪካ አትሌቲክስ ሻምፒዮና አዲስ አበባ ስታዲየም ሲካሄድ፣ ጥሩነሽ ዲባባ 10 ሺህ ሜትሩን፣ መሠረት ደፋር 5000 ሜትሩን አሸንፈው ስታዲየሙ ተናወጠ። መቶ ሜትሩን የወሰደው ግን የናይጄሪያው ኦሉሶጂ ፋሱባ ነው። በእኛ አየር።

«አጭር ርቀት የእኛ አይደለም» የሚለውም ታሪኩን ካለማወቅ የመጣ ነው። ያ የማራቶን ጀግና ማሞ ወልዴ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሲሄድ የሮጠው 800፣ 1500 እና 4 በ400 ሜትር ዱላ ቅብብል ነበር። አዎ፣ ዱላ ቅብብል። የእነ ማሞንና የእነ ምሩጽን ቡድን ያሠለጠኑት ንጉሤ ሮባም በሮም ኦሊምፒክ የተወዳደሩት በ100 ሜትር ነው። በቅርቡ ደግሞ ጽጌ ዱጉማን አይታችኋል። በአጭር ርቀት ጀምራ ወደ 800 ሜትር የወጣች ልጅ፣ በ2016 ዓ.ም. ብቻ ግላስጎው ላይ የዓለም የቤት ውስጥ ወርቅ፣ አክራ ላይ የአፍሪካ ጨዋታዎች ወርቅ፣ ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ብር አጠለቀች።

ውርወራውስ ቢሆን? በዚህ አካባቢ ፈረስ ላይ ሆኖ ጉግስ የሚጫወት፣ ዘንግ ወርውሮ በጋሻ የሚመክት ሕዝብ ልጆች ናችሁ። ላም የጠበቀ ልጅ ድንጋይ የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። እንዲህ ያለ አገር ጦር ወርዋሪ አጣ ሲባል ይገርመኛል።

ይህን ሁሉ ስል ጥፋተኛው ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ። አንዱ እኔ ነኝ። ዛሬ ልናዘዝ።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ የትምህርት ቤቶች ውድድር የርዝመት ዝላይ ዳኛ ነበርኩ። አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ጫማዋ የተዋሰችው መሆኑ ከሰፊነቱ የሚያስታውቅ፣ አምስተኛ ሙከራዋ ላይ ነበረች። በመሙ ላይ ደግሞ የወንዶች 5000 ሜትር የመጨረሻው ዙር ደወል ተደወለ። ሕዝቡ ተነሳ። ልጅቷ ሮጣ መጣች፣ ጣውላውን በትክክል ረግጣ ተነሳች፣ ነጭ ባንዲራ አነሳሁ፤ ወዲያው አንገቴን አዞርኩ። ሁለት ልጆች ትከሻ ለትከሻ ሆነው እየገቡ ነበር፤ ማን አያይም? ስመለስ አሸዋውን የሚያስተካክለው ልጅ፣ እሱም ዓይኑ መሙ ላይ እንዳለ፣ ዱካዋን ደልድሎ ጨርሶታል። ሜትሩን የያዘውም ሰው እያጨበጨበ ነበር።

ልጅቷ አሸዋውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ስንት ነው ጋሼ?» አለችኝ።

ደንቡ ምትክ ሙከራ ይፈቅዳል፤ ሰጠኋት። ደክሟት ስለነበር አጭር ዘለለች። አራተኛ ወጣች። ያ የጠፋው ዝላይ ስንት እንደነበር እስከ ዛሬ በዓይኔ እለካዋለሁ፤ ሜዳልያ ውስጥ የሚያስገባት ይመስለኛል። በቀጣዩ ዓመት ስትመጣ 3000 ሜትር ተመዝግባ አገኘኋት። ውጤቷን አልነግራችሁም።

ስለዚህ ዛሬ ከአዘጋጆቹ ጋር ተነጋግሬ ሁለት ነገር ለምኛለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ እሺ ብለዋል። የዝላይና የውርወራ የመጨረሻ ሦስት ሙከራዎች በሚካሄዱበት ጊዜ በመሙ ላይ ሩጫ አይጀመርም። የድምፅ ማጉያ የያዘው ወንድማችንም የሯጮቹን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ዘላይና ወርዋሪ ስምና ውጤት ያነባል። የ5000 ሜትር ተወዳዳሪዎች ትንሽ ትጠብቃላችሁ። ብርዱን አውቃለሁ፤ ቱታችሁን አታውልቁ።

ወላጆች፣ እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሁላችሁም መጨረሻው መስመር ላይ ተጨናንቃችሁ ቆማችኋል። ከእናንተ ግማሹ ተነስቶ ወደ አሸዋው ይምጣ። እዚያ ያለው ልጅ የእናንተ ባይሆንም አጨብጭቡለት። አሎሎ የሚወረውሩትም ሁለት ብቻ ስለሆኑ ጭብጨባው አያደክማችሁም።

የስሉስ ዝላይ ተወዳዳሪዎች፣ ሦስታችሁም፣ የመወዳደሪያ ቁጥራችሁን ደረታችሁ ላይ ለጥፋችሁ ቅረቡ። አሸዋውን ትናንት ማታ ከዘበኛው ጋር ሆነን በወንፊት ነፍተነዋል፤ ጠጠር የለበትም። ሜትሩን የምይዘው እኔ ነኝ። የተቀመጥኩት ጀርባዬን ለመሙ ሰጥቼ ነው።