ረዳቱን የሚመርጠው መራጩ ነው

(ምስል፦ ሐዋሳ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ የተሰለፈ ሕዝብ)

ሰላም ጤና ይስጥልን። ዛሬ የምናወራው ስለ ምርጫ ነው፣ ስለ ፓርቲ ግን አይደለም። አካል ጉዳተኛ መራጭ ጣቢያው ሲደርስ ምን መብት አለው? እሱን እንይ።

ኅዳር 10 ቀን 2012 የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ ወረቀቱ ላይ ሁለት ምልክት ነበር፦ ሻፌታ (የሲዳማ ባህላዊ የምግብ ዕቃ) እና ጎጆ። ማንበብ የማይችል ሰው ሥዕሉን አይቶ ብቻውን መምረጥ ይችላል። ደስ የሚል ነገር ነው። ለዓይነ ስውር መራጭ ግን ሥዕሉም ጽሑፉም ያው ለስላሳ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ረዳት ያስፈልገዋል። ማን ይሁን? ብዙ ጊዜ በቅርብ የቆመው ሰው እጁን ያዝ አድርጎ "ና እኔ ላግዝህ" ይላል። ደግነት ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2002 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 29 ላይ እርዳታው በራሱ በመራጩ ጥያቄ፣ እሱ በመረጠው ሰው ይሁን ይላል፤ ሕገ መንግሥታችን ደግሞ አንቀጽ 9 ላይ ሀገሪቱ ያጸደቀችው ስምምነት የሕጋችን አካል ነው ስለሚል፣ ይሄ የውጭ ሰዎች ምክር ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

(ምስል፦ ቀዳዳ ያለው የካርቶን አቃፊ)

ያለ ረዳትም መንገድ አለ፦ ቀዳዳ ያለው የካርቶን አቃፊ። ጋና በ2004 እ.ኤ.አ. ምርጫ ይህን ተጠቅማለች። ወረቀቱ አቃፊው ውስጥ ይገባል፣ በየዕጩው ትይዩ ቀዳዳ አለ፣ መራጩ በጣቱ ዳብሶ የፈለገው ላይ ምልክት ያደርጋል። ውድ ነገር አይደለም፤ እኛም ጋ በየጣቢያው ቢኖር እንዴት ጥሩ ነበር!

ዊልቸር ላይ ላለ ሰው ደግሞ ችግሩ ከበሩ ይጀምራል። በባጃጅ እስከ ግቢው ደርሶ ክፍሉ በር ላይ ሁለት ደረጃ ያቆመዋል። "ተሸክመን እናስገባህ" መፍትሔ አይደለም፣ ሰው ዕቃ አይደለም። ጠረጴዛውን ደረጃ የሌለው ክፍል ውስጥ ማድረግ ምን ያህል ይከብዳል? መስማት ለተሳናቸውም ሂደቱን በሥዕል የሚያሳይ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ምዝገባ ስትሄዱ የሚያስፈልጋችሁን ያኔውኑ ለመዝጋቢው ንገሩ።

ረዳት ሆናችሁ የምትገቡ ደግሞ የዕጩዎቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ለመራጩ አንብቡለት፣ የወደዳችሁትን ብቻ አይደለም። እሱ የነገራችሁ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ወረቀቱን አጥፋችሁ በእጁ ስጡት፣ ሳጥኑ ውስጥ ራሱ ይክተተው። ከወጣችሁ በኋላ ማንን መረጠ ብሎ የሚጠይቃችሁ ቢኖር፣ እናቱም ትሁን፣ አትናገሩ።