ፒዲኤፍ ብሮውዘር ውስጥ ሲከፈት ሰነዱን የሚያነብልን ማን ነው?

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከጅማ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበ ነው፤ በመካከል ቆርቆሮ ሲያንኳኳ ብትሰሙ ዝናቡ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላሳያችሁ።

[ስክሪኑ ላይ፦ ዋይፋይ ሲጠፋ]

ዋይፋዩን አጠፋሁት። የኔትወርክ ገመድም የለም። አሁን ይህን ፒዲኤፍ ይዤ ፋየርፎክስ ላይ እጥለዋለሁ። ተከፈተ! 42 ገጽ፣ ሰንጠረዡም ፎቶውም ሙሉ ነው። ኢንተርኔት የለም፣ ሰነዱ ግን ተከፍቷል። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሰነዱን የከፈተው ፒዲኤፍ ጄኤስ የሚባል ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድሪያስ ጋል እና ክሪስ ጆንስ ፋየርፎክስን በሚሠራው በሞዚላ ውስጥ ጀመሩት፤ በ2013 ከፋየርፎክስ 19 ጋር ለሁሉም ደረሰ። ሲጀምሩ መፈተኛ ያደረጉት አንድ 14 ገጽ የጥናት ጽሑፍ ነበር፤ የጽሑፉ ቀዳሚ አዘጋጅም ራሱ ጋል ነው። የሙከራ ገጹን ዛሬ ብትከፍቱት የሚቀበላችሁ ያው ጽሑፍ ነው። እኔ ይህን ነገር በጣም እወደዋለሁ፤ ሰው የገዛ ጽሑፉን መፈተኛ አድርጎ ለዓለም የሚተርፍ ሥራ ሠራ።

አሁን ወደ እንጨት ሥራ ልውሰዳችሁ። ጅማ ተቀምጬ ስለ እንጨት ሳላወራ አልውልም! ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያየ ሰው ይገባዋል። የጅማን በርጩማ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሦስት እግሩም መቀመጫውም ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል፤ ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው።

እንግዲህ አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችሁ በርጩማ አማረው እንበል። አንዱ መንገድ በርጩማውን አውቶቡስ ላይ ጭኖ መላክ ነው። ፎቶ እንደዚያ ነው፤ ያለቀለት ነገር ይላካል። ሌላው መንገድ ልኩን በወረቀት ጽፎ መላክ ነው፦ መቀመጫው ይህን ያህል ይስፋ፣ የመጀመሪያው እግር ከዚህ ነጥብ ይነሳ፣ ጌጡ ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ይዙር። ፒዲኤፍ ይህ ወረቀት ነው። ልብ በሉ፣ ወረቀት ላይ አይቀመጡበትም። ወረቀቱን አንብቦ የሚጠርብ አናጢ ያስፈልጋል።

ድሮ አናጢው ከውጭ ነበር የሚመጣው። ፕለጊን እንለው ነበር፤ ብሮውዘሩ ላይ ለብቻው የሚጫን የሌላ ድርጅት ፕሮግራም ማለት ነው። የራሱን መጋዝ ይዞ ይመጣል፣ የቤቱን ቁልፍ ትሰጡታላችሁ፣ እስከ ጓዳ ይዘልቃል። ወረቀቱ ላይ አንድ ተንኮለኛ «በርጩማውን ከጨረስክ በኋላ ሳጥኑን ክፈት» ብሎ ቢጽፍበትስ? አናጢው ተታሎ ሳጥኑን የሚከፍትበት ጊዜ ነበር። በተበላሸ ፒዲኤፍ ስንት ኮምፒውተር ተጠቅቷል!

ፒዲኤፍ ጄኤስ ግን የቤት ልጅ ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ በቤቱ መጥረቢያ፣ ማለትም ብሮውዘሩ ለማንኛውም ድረ ገጽ በሚሰጠው፣ ጃቫስክሪፕት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይሠራል። ጓዳ አይገባም። በረንዳ ላይ ስለሆነ ደግሞ አላፊ አግዳሚው እጁን ያያል። ክፍት ምንጭ የሚባለው ይኸው ነው።

በረንዳ ላይም ስህተት አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኮዲያን ላብስ የተባለ የደኅንነት ድርጅት ከባድ ቀዳዳ አገኘበት፤ ፎንት በሚያነብበት ክፍል በኩል ሰነዱ የራሱን ጃቫስክሪፕት ሊያስኬድ ይችል ነበር። በፒዲኤፍ ጄኤስ እትም 4.2.67 እና በፋየርፎክስ 126 ተደፈነ። ብሮውዘራችሁን አድሱ! ፒዲኤፍ ጄኤስን ድረ ገጻችሁ ላይ የጫናችሁም እንዲሁ አድሱ።

ቴክኒኩን ቶሎ ልለፈው። አንባቢው ፕሮግራም ፋይሉን የሚጀምረው ከጀርባው ነው፤ የማውጫ ሰንጠረዡ የት እንዳለ የሚነግረው መጨረሻው ላይ ስለሆነ። ከዚያ የሚፈለገውን ገጽ ብቻ ያወጣል፣ ትእዛዛቱን ይተረጉማል፣ ካንቫስ በሚባለው ሸራ ላይ ይስላል። በሥዕሉ ላይ የማይታይ የጽሑፍ ንጣፍ ይዘረጋል፤ በማውስ የምትመርጡት እርሱን ነው። ክሮም የሚጠቀመው ሌላ ነው፤ ፒዲኤፊየም ይባላል፣ ኮዱ በ2014 ተከፍቷል። አለቀ።

አሁን ወደ ዋይፋዩ። ካለፈው ቪዲዮ በኋላ አስተያየት ከጻፋችሁልኝ ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ብላችኋል፦ «ሰነዴን ብሮውዘር ላይ ከከፈትኩት ኢንተርኔት ላይ ወጣ ማለት ነው።» ዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ኮፒ ቤት ያላት እህታችንም ይህንኑ ነው የነገረችኝ። ደንበኞቿ የውርስ ሰነድና የሕክምና ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ እርሷም ሚስጥራቸው እንዳይወጣ ብላ ብሮውዘር ላይ አትከፍትም ነበር። ጥንቃቄዋን አከብራለሁ፣ ትልቅ ሰው ናት። ግን እንዲያ አይደለም።

ብሮውዘር መስኮት አይደለም፤ መሣሪያ ነው። ከፍላሽ የከፈታችሁት ፋይል ከኮምፒውተራችሁ አይወጣም። ዋይፋዩን አጥፍቼ የከፈትኩት ለዚህ ነው፤ ገመድ በሌለበት በየት ይወጣል? የአድራሻውን መስመር ተመልከቱ፤ የሚጀምረው «ፋይል» በሚል ቃል እንጂ በድረ ገጽ አድራሻ አይደለም።

መፍራት ያለባችሁ ሌላውን ነው። «ፒዲኤፍዎን በነጻ ወደ ዎርድ እንቀይራለን» የሚሉ ድረ ገጾች አሉ። ብዙዎቹ ሰነዱን ወደ ራሳቸው ኮምፒውተር ወስደው ነው የሚቀይሩት። ብሮውዘር እየፈሩ የሰውን የውርስ ሰነድ እዚያ መጫን አይገባም! እህታችን ይህን ስነግራት ዝም አለች፤ ከዚያ «እኔ ስንቴ ጭኛለሁ!» አለች። እናንተም እንደ እርሷ ከሆናችሁ ከዛሬ ጀምሮ ተዉት።

እግረ መንገዴን፣ ቻናሉን ያልተከታተላችሁ ተከታተሉ፤ የኮፒ ቤት ሠራተኛ የምታውቁ ከሆነ ደግሞ ይህን ቪዲዮ ላኩለት።

መጨረሻ ላይ የአማርኛው ጉዳይ። ፒዲኤፉ ላይ ጽሑፉ አምሮ ይታያል፤ ገልብጣችሁ ዎርድ ላይ ስትለጥፉት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅ ይሆናል። ብሮውዘሩ አበላሸው ትላላችሁ። አላበላሸውም። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የ«ሀ»ን መልክ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ግዕዝ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ፒዲኤፉ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ ለዓይን ይታያል፤ ሲገለበጥ ግን የሚወጣው ከመልኩ በስተጀርባ ያለው ኮድ ነው።

[ስክሪኑ ላይ፦ ሁለት ሰነዶች ጎን ለጎን]

ሁለቱም አንድ ጽሑፍ ናቸው። ግራውን በድሮ ፎንት፣ ቀኙን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በሚባል የዩኒኮድ ፎንት ጽፌዋለሁ። መፈለጊያው ላይ «ቡና» ብዬ ልጻፍ። ግራው ምንም አላገኘም። ቀኙ 17 ቦታ አገኘ። ለዓይን አንድ ናቸው፤ ለአንባቢው ግን ግራው ላይ አንድም የአማርኛ ቃል የለም። የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጽፉ ተማሪዎች፣ እባካችሁ፣ ከማተማችሁ በፊት አንድ ቃል ፈልጉበት።

ቀጥዬ ስለ ስካን ሰነድ እመጣለሁ፤ እርሱ ውስጥ ጽሑፍ ጭራሽ የለም። ደህና ሁኑ።